ከሰማይ የወደቀ ነገር፦ የጦር ኃይሎች ምርመራ እንዴት ይካሄዳል?

ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል በደሴም ሆነ በወልዲያ ላይ መብራቶች በአንድ መስመር ተደርድረው ድምፅ ሳያሰሙ ሲያልፉ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። ያየው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ከዚያ ቡና ላይ ክርክሩ ይጀመራል። ምንድን ነው? የማን ነው? መንግሥት ያውቀዋል ወይ?

ለተደረደሩት መብራቶች መልሱ ቀላል ነው። ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ ስታርሊንክ የሚባሉ የኢንተርኔት ሳተላይቶችን በአንድ ሮኬት በርካታ እያደረገ ያመጥቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ስላልተበታተኑ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ እኛ ዘንድ ከጨለመ በኋላም እነሱ ያሉበት ከፍታ ላይ ፀሐይ ስላለች ብርሃኗን ያንጸባርቃሉ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ በአጭሩ አያልቅም። አንድ ነገር በራዳር ታይቶ ሳይለይ ሲቀር ወይም ከሰማይ ወድቆ ሲገኝ፣ በብዙ አገር ጉዳዩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጦር ኃይሉ ነው። ጦር ኃይሉ እንዴት እንደሚመረምር፣ ለምን ሚስጥር እንደሚያበዛ፣ ከምርመራውስ ምን እንደተገኘ መረዳት ይጠቅማል። በተለይ ለእኛ ለወሎ ሰዎች ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ወታደር ጉዳዩን የሚይዘው ሁለት ነገር ለማወቅ ነው፦ ያሰጋል ወይ? ባለቤቱስ ማን ነው? ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታልም አልተረፈም። በሰማይ የሚመጣን ነገር በጊዜ ለይቶ ማወቅ የሞት የሽረት ጉዳይ እንደሆነ አያቶቻችን በደንብ ያውቁት ነበር።

በአሜሪካም ነገሩ የተነሣው ከዚሁ ስጋት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1947 ኬኔት አርኖልድ የተባለ የግል አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት በሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ ነገሮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲበሩ አየሁ አለ። ጋዜጦች «በራሪ ሳህን» ብለው ጻፉት፤ በየቦታውም ተመሳሳይ ሪፖርት ጎረፈ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት ነበር፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋርም ፍጥጫው ተጀምሯል። ስለዚህ የአየር ኃይሉ ትልቁ ፍርሃት ሶቪየቶች ከጀርመን በማረኩት ዕውቀት አዲስ አውሮፕላን ሠርተው እንዳይሆን የሚል ነበር። በ1948 ሳይን፣ በ1949 ግራጅ፣ በ1952 ደግሞ ብሉ ቡክ የተባሉ ፕሮጀክቶች ተከታትለው ተቋቋሙ። ጽሕፈት ቤታቸው በኦሃዮ ግዛት ራይት-ፓተርሰን የአየር ኃይል ሰፈር ነበር።

የብሉ ቡክ ሥራ በአብዛኛው የመዝገብ ሥራ ነበር። ምስክሩ ቅጽ ይሞላል፦ በስንት ሰዓት አየህ? ወደ የት አቅጣጫ? ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብሎ? ለስንት ደቂቃ? ደመና ነበር ወይ? ከዚያ መርማሪው መልሱን ከአውሮፕላኖች የበረራ መርሐ ግብር፣ ከተለቀቁ የአየር ጠባይ ፊኛዎች፣ ከከዋክብት ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክራል። ለዚህ የተቀጠረው የሥነ ፈለክ ምሁር ጆሴፍ አለን ሃይነክ ነበር። የሰማይ ሥርዓት አስቀድሞ ስለሚሰላ መጀመሪያ ተለይቶ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው የቀለበት የፀሐይ ግርዶሽ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከብዙ ዓመት በፊት ይታወቅ እንደነበረው ማለት ነው። በዚህ መንገድ ብዙው ሪፖርት ቬነስ፣ ደማቅ ኮከብ፣ ተወርዋሪ ኮከብ፣ ፊኛ ወይም አውሮፕላን ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በመዝገቡ 12,618 ሪፖርቶች ነበሩ። ከነዚህ 701 ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀረ፤ ከመቶ ስድስት አይሞላም። በዚህ ቁጥር ላይ ሁለቱም ወገን ሲያጋንን እሰማለሁ። «ሁሉም ተብራርቷል» የሚል ሰው ስለ 701ዱ መመለስ አለበት፤ መረጃ ያነሳቸው ሪፖርቶች ለብቻ ይመዘገቡ ስለነበር እነዚህ እንዲሁ ተራ ቅሪት አይደሉም። «701 የባዕድ መንኮራኩር ታይቷል» የሚለውም የሌለ ማስረጃ እየጨመረ ነው። ሃይነክ ራሱ በኋላ አየር ኃይሉ ሥራውን በሚገባው ሳይንሳዊ ጥንቃቄ አልያዘውም ብሎ አጥብቆ ተችቷል። እኔም ትችቱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ጥቂት ሠራተኛ ያለው ቢሮ በሺህ የሚቆጠር ሪፖርት ሲጎርፍበት መዝገብ ለመዝጋት መቸኮሉ አይቀርም።

የሚስጥሩ ነገር

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ታሪክ ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሮዝዌልን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ1947 ክረምት በኒው ሜክሲኮ ግዛት ማክ ብራዘል የተባለ የከብት እርባታ ኃላፊ በግጦሽ መሬቱ ላይ የተበታተነ ነገር አገኘ። የተቀዳደደ ጎማ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ስስ ወረቀት፣ ቀጫጭን እንጨት፣ አበባ የታተመበት ፕላስተር። ሞተር አልነበረም፣ ከባድ ብረትም አልነበረም። ለአካባቢው ፖሊስ ተናገረ፤ ፖሊሱ ለአየር ሰፈሩ አሳወቀ፤ መኮንን መጥቶ ስብርባሪውን ሰበሰበ። ሐምሌ 8 ቀን ሰፈሩ «በራሪ ዲስክ አግኝተናል» ብሎ መግለጫ አወጣ። ብዙ ሳይቆይ የበላይ አዛዡ ጄኔራል ሬሚ «የአየር ጠባይ ፊኛ ነው» ብለው አስተባበሉ። ነገሩ ለ30 ዓመት ያህል ተረሳ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስብርባሪውን የሰበሰበው መኮንን ጄሲ ማርሴል ከዚህ ዓለም የሆነ አልመሰለኝም ብሎ ሲናገር እንደገና ተቀጣጠለ፤ ከዚያም አስከሬን ተገኝቷል እስከ ማለት ተደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የአየር ኃይሉ ራሱ መዛግብቱን መርምሮ ያወጣው ሪፖርት እውነቱን ተናገረ። የመጀመሪያው ማስተባበያ ሙሉ እውነት አልነበረም። የወደቀው ሞጉል ከሚባል እጅግ ሚስጥራዊ ፕሮጀክት የተለቀቀ የፊኛ ሰንሰለት ነው። ፕሮጀክቱ በርካታ ፊኛዎችን አያይዞ ድምፅ መስሚያ መሣሪያ ወደ ከፍተኛው አየር ይልክ ነበር፤ ዓላማው ሶቪየቶች የኒውክሌር ቦምብ ሲሞክሩ የፍንዳታውን ሞገድ ከሩቅ ለመስማት ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ወረቀትና እንጨት ደግሞ ራዳር ፊኛውን እንዲከታተል የሚያደርግ አንጸባራቂ ነበር። ሶቪየቶች የመጀመሪያውን ቦምብ የሞከሩት በነሐሴ 1949 ነው፤ በ1947 አሜሪካ ይህን እየጠበቀች መሆኗ እንዲታወቅባት አልፈለገችም።

ስለዚህ «ደብቀውናል» ያለው ሕዝብ ልክ ነበር፤ ተደብቆ ነበር። የተደበቀው የሰው ሥራ ነው፣ የተደበቀውም ከሌላ ሰው ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው፦ የጦር ኃይል ሚስጥር በአብዛኛው ስለ ራሱ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን ለመደበቅ ሲል ዋሽቶ ሲያዝ ግን በዚያ ክፍተት ውስጥ ማንኛውም ወሬ ይገባል፤ በኋላ እውነቱ ቢነገርም የሚያምን አይገኝም።

ሚስጥሩ የሰው ሕይወትም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1948 ካፒቴን ቶማስ ማንተል በኬንታኪ ሰማይ ላይ የታየ ትልቅ አንጸባራቂ ነገር ሲያሳድድ ያለ ኦክስጅን በጣም ከፍ ብሎ ወጣ፤ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፤ ሞተ። መርማሪዎች መጀመሪያ ቬነስን ነው ያየው አሉ። በኋላ ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ የተገኘው የባሕር ኃይሉ ስካይሁክ ፊኛ ነው፤ ያኔ ፕሮጀክቱ ሚስጥር ስለነበር አብራሪውም ሆነ ሊያግዙት የሞከሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር። በነሐሴ 1955 መብረር የጀመረው ዩ-2 የስለላ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበሩ እሱ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ምሽት ላይ ታች ጨልሞ የእሱ ክንፍ ግን ፀሐይ እየመታው እሳት ይመስላል። መርማሪዎች ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ ጠይቀው ነገሩ ዩ-2 መሆኑን ሲያረጋግጡ እንኳ ለምስክሩ መናገር አይችሉም ነበር፤ ሌላ ሰበብ ፈልገው ይጽፉለታል።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የመጣው

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር) ከ2007 ጀምሮ በ22 ሚሊዮን ዶላር ያህል በጀት ተመሳሳይ ጥናት ያካሂድ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ፤ በ2020 ደግሞ ሦስት የባሕር ኃይል ቪዲዮዎች በይፋ ተለቀቁ። በስልክ ላይ ደጋግመን ያየናቸው ጥቁርና ነጭ ቪዲዮዎች እነዚህ ናቸው። በሰኔ 2021 የወጣው ሪፖርት 144 ጉዳዮችን አይቶ በእርግጠኝነት ያብራራው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም አየሩ እየወጣ ያለ ትልቅ ፊኛ ነበር። በሐምሌ 2022 እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚመረምር አሮ የተባለ ቋሚ ቢሮ በፔንታጎን ውስጥ ተቋቋመ።

ከሦስቱ ቪዲዮዎች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። «ጎፋስት» በሚባለው ላይ አንድ ትንሽ ነገር ከባሕሩ ወለል በላይ እየታከከ በአስፈሪ ፍጥነት የሚበር ይመስላል። በስክሪኑ ላይ ግን የአውሮፕላኑ ከፍታ፣ የካሜራው ማዕዘንና ርቀቱ ተጽፈዋል። የናሳ አጥኚ ቡድን በ2023 እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ሲያሰላ ነገሩ ባሕሩ ላይ ሳይሆን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ፍጥነቱም በአማካይ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከነፋስ ጋር የሚሄድ ነገር ፍጥነት ነው። እንዴት ዓይን ይሳሳታል? ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ ሐረጎን ስትወጡ በመኪናው መስኮት ተመልከቱ፦ መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ ሲሮጥ ታያላችሁ። የሚሮጠው መኪናው ነው። ካሜራው የነበረበት ተዋጊ አውሮፕላን በጣም ፈጣን ስለሆነ በመካከል ያለው ነገር ከባሕሩ አንጻር የሚወረወር መሰለ።

ራዳርም የራሱ ነገር አለው። በጥር 2023 መጨረሻ የቻይና ፊኛ አሜሪካን አቋርጦ የካቲት 4 ቀን ባሕር ላይ ተመታ። በየካቲት 10፣ 11 እና 12 ደግሞ ሦስት ሌሎች ነገሮች በአላስካ፣ በካናዳ ዩኮን እና በሂዩሮን ሐይቅ ላይ በተከታታይ ተመትተው ወደቁ። በድንገት ሰማዩ የተጨናነቀ መሰለ። የሆነው ይህ ነው፦ ራዳር የሚመለስለትን ሁሉ ቢያሳይ ወፉም ደመናውም ስለሚያስቸግር፣ ቀርፋፋና ትንሽ ነገሮችን እንዲዘል ማጣሪያ ይደረግለታል። ከቻይናው ፊኛ በኋላ ማጣሪያው ላላ፤ ድሮም የነበሩ ነገሮች መታየት ጀመሩ። የሦስቱ ስብርባሪ ሳይገኝ ፍለጋው ቆመ፤ ፕሬዚዳንት ባይደን ምናልባት የግል ድርጅቶች ወይም የምርምር ፊኛዎች ይሆናሉ ብለው ነበር።

ትልቁን ወሬ ያስነሣው ግን ሐምሌ 26 ቀን 2023 የቀድሞው የአየር ኃይል የመረጃ መኮንን ዴቪድ ግረሽ በኮንግረስ ፊት የሰጠው ቃል ነው። መንግሥት የተከሰከሱ የባዕድ መንኮራኩሮችን ለአሥርተ ዓመታት ሲሰበስብ ኖሯል አለ። ቃሉ በመሐላ የተሰጠ ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ የተናገረው ሌሎች የነገሩትን ነው፣ ራሱ ያየውን አይደለም። አሮ በመጋቢት 2024 ባወጣው የታሪክ ሪፖርት ከ1945 ወዲህ ያለውን መርምሮ እንዲህ ላለው ነገር ማስረጃ አላገኘሁም፣ ወሬውም በአብዛኛው በጥቂት ሰዎች መካከል ሲዘዋወር የኖረ ነው አለ። ይህን የሚለው ራሱ ፔንታጎን ስለሆነ መጠራጠር መብት ነው፤ ሮዝዌል ላይ ያየነው ጥርጣሬውን ያጸድቃል። ጥርጣሬ ግን ማስረጃን አይተካም።

ማስረጃ ሲባል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። በ1947 ከተከሰከሰ መንኮራኩር የተገኘ ነው እየተባለ ለዓመታት ሲዘዋወር የኖረ አንድ ቁራጭ ብረት ነበር። አሮ ቁራጩን ወደ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ላከው፤ ውጤቱ በ2024 ወጣ። ቁራጩ አብዛኛው ማግኒዚየም ነው፣ ዚንክ፣ እርሳስና ቢስሙዝም አለበት። ወሳኙ ምርመራ የአይሶቶፕ ነበር። የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች በክብደት የተለያዩ ዓይነቶች አሏቸው፤ የእነዚህ ድርሻ በምድር ላይ የታወቀ ነው፣ ከሌላ ፀሐይ ዙሪያ በተፈጠረ ዓለም ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። የቁራጩ ልኬት ከምድር ማዕድን ጋር ገጠመ። እንዲህ ያለ ምርመራ በሹመትም በመሐላም አይለወጥም።

የወደቀበት ቦታ

እውነተኛ የመውደቂያ ቦታ ሲገኝ ሥራው ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የኮስሞስ 954 ጉዳይ ነው። ይህ የሶቪየት የስለላ ሳተላይት በውስጡ የኒውክሌር ማብላያ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1978 በሰሜን ምዕራብ ካናዳ በረዷማ ምድር ላይ ተበትኖ ወደቀ። የካናዳና የአሜሪካ ቡድኖች ጨረር የሚለካ መሣሪያ በአውሮፕላን ጭነው 124,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አሰሱ። ቅደም ተከተሉ ዛሬም ያው ነው፤ መጀመሪያ ቦታው ይታጠራል፣ ጨረርና መርዝ ይለካል፣ ፈንጂ መኖሩ ይታያል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ በወደቀበት ፎቶ ተነሥቶ፣ ቦታው ተመዝግቦ ይሰበሰባል። ስብርባሪው የተበተነበት አቅጣጫ የመጣበትን መንገድ ይናገራል፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ቀን ወደ ምድር እንዲመለሱ ከሚጠበቁ ሳተላይቶችና ሮኬቶች ጋር ይነጻጸራል። ካናዳ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ጠየቀች፤ በ1981 ሶቪየቶች 3 ሚሊዮን ከፈሉ።

በቅርባችንም ሆኗል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 በኬንያ ማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ መንደር ውስጥ 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ወደቀ። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ ቦታውን አጥሮ መረመረ፤ ከሮኬት የተለየ ክፍል ነው አለ። ሰው አልተጎዳም። ኬንያ ላይ የወደቀ ነገር ዋግ ወይም ደላንታ ላይ የማይወድቅበት ምክንያት የለም።

አሁን ለምን በተለይ ለእኛ ይጠቅማል እንዳልኩ ልናገር። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከራያ ቆቦ እስከ ኮምቦልቻ አልፏል፤ የድሮን ድምፅም ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ የሚገኝ የማይታወቅ ብረት፣ ክንፍ ያለው ቱቦ ይሁን የዛገ ኳስ፣ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ያልፈነዳ ቅምቡላ ወይም ቦምብ እንደሆነ ተደርጎ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያነሣዋል፤ ለቆራሌ ለመሸጥ ወደ ቤት ያመጣዋል፤ አንዱ ውስጡን ለማየት በድንጋይ ይመታዋል። ከሳተላይት የወደቀ ነገር ቢሆንም አደጋው አይቀርም፤ የነዳጅ ታንኩ ሃይድራዚን የተባለ፣ ሲነካም ሲሸተትም የሚጎዳ መርዝ ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትንኩት፣ ልጆችን አርቁ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጉበት፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ተናገሩ። ፎቶ ካነሣችሁ ከርቀት ይሁን፤ ለፎቶ ብሎ መቅረብ ለሞት መቅረብ ነው።

በሰማይ ላይ ብቻ ያያችሁትን ደግሞ ወዲያው ጻፉት። ሰዓቱን ከስልኩ ላይ አንብቡ። አቅጣጫውን በምታውቁት ነገር ያዙ፦ ከጦሳ ግራ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ በኩል አለፈ ቢባል መርማሪ ካርታ ላይ ያሰምረዋል። ከፍታውን በኪሎ ሜትር አትገምቱ፣ ማንም አይችለውም፤ ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ሰማይ ስለሚሸፍን ከአድማስ ስንት ቡጢ ከፍ እንዳለ ቁጠሩ። ድምፅ ከተሰማ ብርሃኑ ከታየ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሆነ ያዙ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ ከጦሳ ጀርባ የወደቀ መስሎ እጅግ ሩቅ ቦታ ሰማይ ላይ ነድዶ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ገና በአሥሮች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ነው። በደሴ፣ በላሊበላና በባቲ የቆሙ ሦስት ሰዎች አቅጣጫውን በትክክል ከጻፉ ግን መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ይገኛል።

የወደቀው ነገር የጠፈር ዕቃ ሆኖ ከተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መሠረት መሬት ላይ በመውደቁ ባለቤትነቱ አይለወጥም፤ ያመጠቀው አገር ወይም ድርጅት ንብረት ሆኖ ይቀጥላል። በ1972ቱ ስምምነት ደግሞ ያመጠቀው አገር መሬት ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ግለሰቡ በራሱ ሳይሆን በመንግሥቱ በኩል ነው። የፈረሰ ጎጆ ወይም የሞተ በሬ ካለ ስብርባሪው ሳይነሣ በቀበሌ ተመዝግቦ፣ ፎቶው ከነቀኑ ተይዞ መቆየት ያለበት ለዚህ ነው።